ጨው አልባው ስለት

ላሊበላ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። ገበያ ይሄዳል፣ ቀብር ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ የጠፋች ጥጃ ይፈልጋል። መንገድ ላይ የተገናኘ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ወዴት ነዎ?» ይላል፤ ጠይቆም መልስ ይጠብቃል። «እንዲሁ ልራመድ ብዬ» ማለት መልስ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ወይ ከቤቱ ተጣልቷል፣ ወይ ጤና የለውም። አባቴ ጤና አልነበረውም፤ ይህን ለመንገደኛ ከመናገር ግን ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጥ ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት ሰሞን ነው። አባቴ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሥራው መቀመጥ ነው። ጠዋት ይቀመጣል፣ ከሰዓት ይቀመጣል፣ አመሻሽ ላይ ቀበሌ ስብሰባ ይቀመጣል፤ ቅዳሜ የውይይት ክበብ አለ፣ እዚያም ይቀመጣል። እናቴ ደግሞ መቀመጫ ያጣች ሴት ነበረች። አንደኛ ደረጃ በፈረቃ ታስተምራለች፤ ከዚያ ሽማግሌና ባልቴት ሰብስባ ፊደል ታስቆጥራለች፤ ከዚያ የሴቶች ማኅበር ይጠራታል። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ የቤቱ ታላቅ፤ ታናሽ እህቴንና ታናሽ ወንድሜን ይዤ ቤት እጠብቃለሁ። አምስታችን በአንድ ገበታ የምንቀርበው ለዓመት በዓል ብቻ ነበር። በሌላው ቀን ማንም እንደገባ ይበላል፤ እናቴ ቆማ፣ አባቴ ጋዜጣ ይዞ፣ እኛ እየተሻማን።

አባቴ ጨው ይወድ ነበር። ወጡን ሳይቀምስ በፊት ጨው ይነሰንስበታል። እናቴ ስትቆጣው «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ብሎ ይተርትባታል። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

የአባቴ ወገኖች ኮን አካባቢ ያሉ የዋድላ ገበሬዎች ናቸው። ወንዶቻቸው ሃምሳ ዓመት አይሞሉም። አያቴ አውድማ ላይ መንሹን እንደያዘ ወደቀ። ትልቁ አጎቴ ከገበያ ሲመለስ፣ ሁለተኛው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር። ሦስቱም በድንገት። መንደርተኛው «የቤታቸው ዕጣ ነው» ብሎ ቀበራቸው፤ አባቴም አመነበት። አርባ አራት ዓመት ሲሞላው መጽሐፎቹን ለማን እንደሚተው፣ ካፖርቱ ለማን እንደሚሆን ያወራ ጀመር። «ወረፋዬን እየጠበቅሁ ነው» ይላል እየሳቀ። እኛም አብረን እንስቃለን፤ የእኔ ሳቅ ግን ከጥርሴ አያልፍም ነበር። እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ያንኮራፋል፤ በመሃል ድምፁ ሲቋረጥ እስኪቀጥል ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። አባቴን ማጣት እፈራ ነበር፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ እሱ አለመፍራቱ ነው።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ መፈክር ተባለና ተነሥቶ ግራ እጁን እንደ ዘረጋ ራሱን አዞረውና ወደቀ። ሰብሳቢው በስሜት የወደቀ መስሎት አጨበጨበ። ሰብሳቢው ካጨበጨበ ደግሞ ማን ይቀራል? አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። አባቴ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። በማግስቱ እህል በጫነ መኪና ላይ ወጥቶ ወልድያ ወረደ።

የመረመረው ሐኪም ወጣት ነበር አሉ። ለካ፤ ደግሞ ለካ። ከዚያ የአባቱንና የወንድሞቹን አሟሟት ጠየቀው። አባቴ ሁሉን ዘርዝሮ «የቤታችን ዕጣ ነው» ሲለው ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዕጣም አይደለም፣ ወረፋም አይደለም። በሽታ ነው፤ ስም አለው። ደም ብዛት ይባላል» አለው። ክኒን ሰጠውና በወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፈለት፦ ጨው ማቆም፤ በየቀኑ ማለዳ መራመድ፣ ዳገት ቢሆን ቀስ እያሉ። ሲሸኘውም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለው። አባቴ ከሕመሙ ይልቅ በእንቁላል መመሰሉ ነበር ያስቆጨው።

እናቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም። ለትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል እንደምታወጣ ሁሉ ማስመሪያ አምጥታ አንድ ሰፊ ወረቀት አሰመረችና ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ «መራመድ» ይላል። ከጎኑ የአባቴና የእኔ ስም ነበር።

«ለምን እኔ?» አልሁ።

«ብቻውን ከሄደ ከመጀመሪያው ድንጋይ አያልፍም። ይቀመጥበታል።»

እኔ እንቅልፍ ወዳድ ነበርሁ፤ ቁጣዬም ቅርብ ነው። ሦስት ቀን አኮረፍሁ። ኩርፊያዬ ግን ድልድሉ ውስጥ ቦታ ስላልነበረው የተመለከተው ሰው የለም።

ጨው ማቆሙ ከመራመዱ ባሰ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ እናቴ ጨው ያልነካው በርበሬ እንደገና አስፈጨች። ሁለት ወጥ ለመሥራት ጊዜ ስለሌላት ሁላችንም አብረን ጨው አቆምን። የመጀመሪያው ሳምንት ወጡ ውኃ ውኃ አለን። ታናሽ ወንድሜ «እኔ ደም የለብኝም፣ ለምንድን ነው የምቀጣው?» እያለ ያለቅስ ነበር። እናቴ ነጭ ሽንኩርቱን እጥፍ አደረገችው። በኋላ ከተራራው ጦስኝ እየለቀምን ማምጣት ስንጀምር ወጡ ትንሽ ወግ ያዘ።

የመጀመሪያው ማለዳ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጣን። ከከተማው ወጥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን አቀበት ያዝን፤ ሌላ ዳገት ጠፍቶ ሳይሆን በዚያ በኩል የቢሮ ሰው አይኖርም ብሎ ነው። ከመቶ እርምጃ በኋላ አባቴ ቆሞ ተራራውን አደነቀ። ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ደግሞ አደነቀ። ወገቡን ይዞ ሲያደንቅ እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ወረዱብን።

«እንዴት አደሩ ጌታው፤ ወዴት ነዎ እንዲህ በማለዳ?»

አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ቆመ። ለሕመሜ ነው ሊል አልቻለም። ለመራመድ ነው ሊልም አልቻለም። «ወደ ላይ» አለ በመጨረሻ።

ሴቶቹ ቀና ብለው አዩ። ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ናት። «ትርዳዎ» ብለውት ጎንበስ ብለው አለፉ። እኛ ከአጋማሹ ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ደርሰን ተቀመጥን፤ ጸሐይ ስትወጣ አይተን ተመለስን። አባቴ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮው ነበር።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀንም። በዚያው ሳምንት አባቴ ተዝካር ተጠርቶ፣ ወጡ ጨው አለበትና ደረቅ እንጀራ ቆርሶ ተነሣ። እንግዲህ ላሊበላ ናት፤ ሰው አንድና አንድን ደመረ። ጨው ትቷል። ሳይነጋ ወደ አሸተን ይወጣል። ሲጠይቁት አይናገርም። ይህ ስለት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሐኪም ያዘዘው ሁለት ነገር፣ ስለት ያለበት ሰው የሚያደርገው ሁለት ነገር ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ አሸተን ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ፣ አባቴን ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮው ሲያየው «እመብርሃን ክንፍ ሰጥታዋለች» አለ። ያ ተቀምጦ የኖረ ሰውዬ፣ ሦስት ጊዜ ካላረፈ ከቤቱ እስከ ወይራው የማይደርሰው፣ ክንፍ አለው ተባለ።

ከጎናችን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ፈትል ይፈትላሉ፣ ጧፍ ይሠራሉ። አንድ ልጃቸው ወደ ሰሜን ግንባር ዘምቶ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ጉልበታቸው ስለማይታዘዛቸው ከደጃቸው እስከ እናቴ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ለመድረስ እንኳ በምርኩዝ ነው። አንድ ማለዳ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁንና ለአባቴ አንዲት ጧፍ ሰጡት።

«ለአሸተኗ እመቤት አድርስልኝ፣ ልጄ። ለልጄ ነው።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ…» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ፣ አይነገርም። አትንገረኝ።»

አባቴ ጧፏን ይዞ ቆመ። ዓይናቸውን እያየ እንዴት ብሎ ይመልስላቸው? በሳምንቱ ሌላ ሰው ዕጣን ሰጠው፤ ሌላዋ ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ፤ የቢሮው ጥበቃ እንኳ ደብቆ አንድ ጧፍ ኪሱ ውስጥ ከተተለት። አባቴ መዝገብ ቤት ነውና ነገር እንዲጠፋበት አይፈልግም፤ በእያንዳንዱ ላይ የሰጪውን ስመ ክርስትና ጽፎ ቁራጭ ወረቀት ጠመጠመበት። እሑድ ሲደርስ የካፖርቱ ኪሶች ሞሉ።

«አሁን ምን ይሻላል?» አላት እናቴን።

«የተቀበልኸውን ይዘህ ታደርሳለህ» አለች፣ ደብተር እያረመች።

እሑድ ወይራውን አለፍን። አባቴ ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ በአዋቂነቱ ረግጦት አያውቅም። ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ መቁጠር ትቼ ነበር። በመጨረሻ በቋጥኙ መሃል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ አልፈን ስንወጣ አገሩ ሁሉ ከእግራችን ሥር ነበር፤ የእኛን ቤት ፈልጌ አጣሁት። ቄሰ ገበዙ ጧፎቹን እያንዳንዳቸውን ተቀብለው ስመ ክርስትናውን አነበቡ። ሲጨርሱ «የራስህስ?» አሉት። አባቴ ያላሰበው ጥያቄ ነበርና «የእኔ የለም፣ አባ» አለ። እሳቸውም እንደ ትሕትና ቆጠሩለት።

እንዲህ እያልን ከረምን። በአዘቦት ቀን እስከ ወይራው፣ እሑድ እስከ ላይ። ዝናብ ሲጥል አባቴ ከጋቢው ሥር ሆኖ «ዛሬስ ይቅር» ይላል፤ ከዚያ ኪሱ ያሉት ጧፎች ትዝ ይሉትና እያጉረመረመ ይነሣል። ለራሱ ነፍስ ቢሆን አይነሣም ነበር፤ ይህን በልጅነቴም አውቀዋለሁ። የጎረቤት ጧፍ ግን አስነሣው።

እኔ ደግሞ አሽከርነቱ ሰለቸኝ። አንድ የጥቅምት ማለዳ፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ባልቴቷ ጧፏን በእጄ ሲያስይዙኝ ገነፈልሁ። «እማማ፣ አባዬ እኮ ስለት የለበትም! ሐኪም ነው ያዘዘው! ክንፍ የለ ምን የለ፣ ከወይራው ነው የምንመለስ!» አልኋቸው። አባቴ ቀደም ብሎ ይሄድ ስለነበር አልሰማም። ባልቴቷ ትንሽ ትክ ብለው አዩኝ፤ የነጠላዬን ጫፍ አንሥተው አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝና «ብርድ ነው፣ ተሸፈኝ» ብለው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቼ ይነግሩብኛል እያልሁ ስሰጋ ኖርሁ። አልነገሩብኝም። ጧፉም አልቀረም።

በዚህ መካከል አባቴ ተለወጠ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ከወይራው በፊት ማረፍ ተወ። እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል አያንኮራፋም፤ የእኔም ትንፋሽ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወልድያ ወርዶ ሲለካ ሐኪሙ ፈገግ አለ አሉ። ስለ ካፖርቱ ወራሽ ማውራቱን ረሳው። እናቴ ብቻ አልተለወጠችም፤ ድልድሉ ላይ የራሷን ስም የጻፈችበት መስመር አልነበረም።

ወሬው ግን ከላሊበላ አልፎ አውራጃ ደረሰ። አንድ ካድሬ መጡና የቀበሌው ሕዝብና የመንግሥት ሠራተኛው በሙሉ ተሰበሰበ። ካድሬው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መንገድ ያደከማቸው፣ ዓይናቸው የቀላ ሰው ነበሩ። «ጓድ፣» አሉት አባቴን፣ «የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው በየማለዳው ስለት ይዘው ተራራ ይወጣሉ፣ የሰው መባ ይሰበስባሉ ተብሏል። ሰፊውን ሕዝብ የሚያነቁት በዚህ ነው?»

አባቴ ተነሣ። የሐኪሙ ወረቀት በደረት ኪሱ ነበር። ያን ወረቀት ቢያወጣ እንጀራው አይነካም። ቢያወጣ ደግሞ ጧፍ የሰጠው ሰው ሁሉ እዚያው ተቀምጧል፤ ባልቴቷ ደብተራቸውን ታቅፈው ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበሩ። አባቴ እሳቸውን አየ፣ እናቴን አየ፣ እኛን ሦስታችንን አየ። ወረቀቱን አወጣ።

«ስለት የለብኝም» አለ። «ደም ብዛት አለብኝ። ጨው የተውሁት ሐኪም አዝዞኝ ነው። የምራመደውም ሐኪም አዝዞኝ ነው። በአዘቦት ቀን አሸተን አልደርስም፤ ከመንገድ ነው የምመለሰው። የተሰጠኝን እሑድ እሑድ አድርሻለሁ፤ አንድም አልጎደለም። ግን ስለት የለብኝም።»

ካድሬው ወረቀቱን አንብበው ፊታቸው በራ። «ታዲያ እንዲህ አይሉም! ጤናማ አምራች ዜጋ ማለት ይህ ነው!» አሉና እዚያው ማስ ስፖርት አወጁ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የወረዳው ሠራተኛ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በፊሽካ እየታዘዘ እጁን ያነሣና ይጥል ጀመር፤ ከፊት አርአያ ተብሎ አባቴ። ከሁለት ወር በኋላ ፊሽካውን የሚነፋው ሰው ተዛወረና ስፖርቱ አብሮት ተዛወረ።

አባቴ ግን ከስብሰባው ማግስት ወደ ተራራው አልወጣም። «በምን ፊቴ?» አለ። በነጋታውም አልወጣም። ኪሱ ውስጥ የቀሩትን ጧፎች በመሳቢያ ውስጥ ቆለፈባቸው። መንገድ ላይ «ወዴት ነዎ?» የሚለው ሰው ቀረ፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል፤ እሱም አንገቱን ሰብሮ ያልፋል። በአራተኛው ቀን ገበታ ላይ ጨው አምጡልኝ አለ። እናቴ ጨው የለም አለችው። ራሱ ተነሥቶ ከጓዳ አውጥቶ ነሰነሰ። «ተይኝ እስቲ» አላት፤ «የማይቀር ነገር ነው። ወረፋዬ ነው።»

ያን ቃል ስሰማ ሳህኔን ወርውሬ ወጣሁ። ከደጅ ቆሜ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ አባቷ በሕይወቱ ተስፋ ሲቆርጥ ማየት የለባትም። እናቴ ወጥታ አቀፈችኝ፤ እሷም ስታለቅስ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት።

በሰባተኛው ማለዳ በራችን ተንኳኳ። እኔ ከፈትሁ። ባልቴቷ በምርኩዛቸው ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ጧፍ። አባቴ ጋቢውን ለብሶ መጣና ሲያያቸው አቀረቀረ።

«ዛሬም አልተነሣህም?»

«እናቴ፣ ስብሰባው ላይ ነበሩ እኮ። ስለት የለብኝም ብያለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳልናገር ያታለልኋችሁ እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ። ደሞ ያን ቀን ነው እንዴ የሰማሁ? ይቺ ቁጡ ልጅህ ከነገረችኝ ገና በጥቅምት ነው።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ታዲያ እያወቁ ለምን ይሰጡኛል?»

«ስለቱ ያንተ ነው ያለህ ማነው? ስለቱ የኔ ነው። እኔ ያጣሁ እግር ነው፤ እግር ደሞ አንተ ዘንድ አለ። ምነው፣ አህያይቱ ስለት የለባትም ተብሎ ዕጣን አትጫንም?»

አባቴ ሳያስበው ሳቀ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ወዲያው ግን ፊቱ ተመለሰ። «እናቴ፣ እኔ ለዚህ የምሆን ሰው አይደለሁም። የአባቴንም የወንድሞቼንም ነገር ያውቃሉ። ወረፋዬ ደርሷል።»

ባልቴቷ ጧፏን ዘርግተው ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረቡ። አንዷ እርምጃ ምን ያህል እንደምታማቸው አየሁ።

«የምን ወረፋ?» አሉ ተቆጥተው። «ልጄ ሳይመጣ ወዴት ልትሄድ?»

አባቴ ጧፏን ተቀበለ። ገብቶ ጫማውን አጠለቀ፤ እኔም ሳልጠራ ነጠላዬን ያዝሁ። ከኋላችን ኮቴ ስንሰማ ዞር አልን፤ እናቴ ናት፣ ደብተሯን ትታ፣ ሁለቱን ታናናሾቼን እየጎተተች። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለች። ወይራው ሳይደርስ ወገቧን ይዛ ቆመች። «እንዴት ነው ነገሩ፣ የታመመው ማን ነበር?» አላት አባቴ። ድልድሉን ማታውኑ ገንጥላ እንደገና ጻፈችው፤ የሴቶች ማኅበሩን ስብሰባ ወደ ከሰዓት አዛውራ በእሑድ ማለዳ መስመር ላይ አምስታችንንም አሰለፈችን።

ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። «ሐኪምንስ ማን ይልከዋል?» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ለእነሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። እሑድ እሑድ ከአባቴ ጋር መውጣት የጀመሩም ነበሩ፤ የቢሮው ጥበቃ፣ ከእናቴ ጋር የሚያስተምሩ አንዲት ሴት ከነልጆቻቸው። እኛ ደግሞ ከአቀበቱ ስንመለስ ይርበን ስለነበር አምስታችንም በአንድ ገበታ ቀረብን፤ ጨው የሌለው ወጥ ይጣፍጠን ነበር።

ባልቴቷ ከሁለት ዓመት በኋላ በክረምት አረፉ። ልጃቸው አልመጣም ነበር። ከማረፋቸው በፊት ለአባቴ በጨርቅ የተጠቀለለ የጧፍ እስር ላኩለት፤ ዓይናቸው እየደከመ የሠሩት ነው። መልእክቱ አንድ ቃል ነበር፦ «እስኪመጣ።»

አባቴ በየእሑዱ አንዳንድ እያወጣ አደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ፍልሰታ ሲገባ እስሩ አለቀ። ቅዳሜ ከሰዓት ማንም ሳይነጋገር ሁላችንም ተቀመጥን። እናቴ ፈትል አታውቅም፤ እንዝርቱ እየወደቀባት አንድ ጎርባጣ ክር ፈተለች። እኔ ሰሙን አቀለጥሁ፣ እህቴ ነከረች፣ ወንድሜ ነፋበት። የወጣችው ጧፍ ጠማማ ነበረች። አባቴ እንደ ልማዱ ቁራጭ ወረቀት ወስዶ የባልቴቷን ልጅ ስመ ክርስትና ጻፈና ጠመጠመባት።

እሑድ ማለዳ አቀበቱ ላይ አንድ እንግዳ ሰው ከገነተ ማርያም በኩል አህያ እየነዳ መጣ። እኛን አያውቀንም።

«እንዴት አደሩ፤ ወዴት ነዎ?» አለ።

አባቴ አልቆመም፣ ተራራውንም አላደነቀም። «ስለት አለብኝ» አለ።

ሃምሳ ዓመቱን በየትኛው እሑድ እንዳለፈ ማናችንም አላስተዋልንም፤ እሱም አላስተዋለም። ይህን የምጽፈው እሱ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። ጦርነቱ ካለቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የባልቴቷ ልጅ አልመጣም። ባለፈው ሳምንት አባቴ ዘንድ ስልክ ደወልሁ፤ አላነሳም። ደግሜ ደወልሁ፤ አላነሳም። እንደ ልጅነቴ ትንፋሼን ያዝሁ። ከዚያ ቀኑ እሑድ መሆኑ ትዝ አለኝ።